ስለ ፑዮ ፑዮ ጨዋታና ስለ ደስታው ምክንያት

ጨዋታ ሁሉ ከንቱ ነው የሚለው ፍርድ ለመናገር ቀላል ስለ ሆነ በአፋችን ይበዛል። ልጅ በስልኩ ላይ ጐንበስ ብሎ ባየነው ጊዜ፥ የሚጫወተው ምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ እንገሥጸዋለን። ልጁም ያላየነውን ነገር እንደ ፈረድንበት ያውቃልና ተግሣጹን በጆሮው ሰምቶ በልቡ ይንቀዋል። ስለ መጽሐፍ በምንፈርድበት ጊዜ ግን እንዲህ አናደርግም፤ መጽሐፉን ገልጠን፥ አካሄዱን መርምረን፥ ይህ ማለፊያ ነው፥ ይህ ግን ብላሽ ነው ብለን እንለያለን። ስለዚህ ድርሰትና ቅኔ በሚመረመርበት በዚህ ገጽ ላይ ዛሬ አንድ ጨዋታ ብንመረምር አንባቢ አይቀየመን። የብዙ ሰው ዓይንና ልቡና በየቀኑ የሚውልበትን ነገር ሳይመረምሩ መተው ለመምህርም ለወላጅም አይበጅም።

የምንመረምረው ጨዋታ ፑዮ ፑዮ ይባላል። ስለ ርሱ ከመናገራችን በፊት ግን ስለ ወገኖቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በ1984 (በዚህ ጽሑፍ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) በሞስኮ ከተማ፥ በሶቪየት የሳይንስ አካዳሚ የኮምፒዩተር ማዕከል ይሠራ የነበረ አሌክሴይ ፓዢትኖቭ የሚባል ሰው ቴትሪስን አወጣ። በዚያ ጨዋታ ከላይ የሚወርዱት እያንዳንዳቸው ከአራት ካሬ የተሠሩ ሰባት ዓይነት ቅርፆች ናቸው፤ ተጫዋቹም እያዞረ እንደ ግንበኛ ይደረድራቸዋል፤ አንድ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር ሲሞላ ያ ረድፍ ይጠፋል። ቴትሪስ ቀለም አያስፈልገውም፤ መጀመሪያ የተሠራበት ኮምፒዩተር ሥዕል ማውጣት የማይችል ስለ ነበረ ቅርፆቹ በጽሕፈት ምልክት ብቻ ይታዩ ነበር። ከርሱ በኋላ ከመጡት ብዙዎቹ ግን ቅርፁን ትተው ቀለሙን ያዙ። በ1990 ሴጋ ያወጣው ኮለምስ ሦስት ሦስት ሆነው የሚወርዱ የከበሩ ድንጋዮችን በየቀለማቸው ያገናኛል፤ በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ ያወጣው ዶክተር ማሪዮ ደግሞ ባለ ሁለት ወገን ክኒኖችን በጠርሙስ ውስጥ ያወርዳል። ፑዮ ፑዮ ከነዚህ ቀጥሎ በ1991 መጣ፤ ያወጣውም በጃፓን አገር በሂሮሺማ ከተማ የነበረው ኮምፓይል የተባለ ኩባንያ ነው። በ1992 ሴጋ በየመጫወቻው ቤት ሳንቲም ተከፍሎ በሚሠራ መኪና ካስገባው በኋላ ስሙ በአገሩ ሁሉ ገነነ።

የጨዋታው ስፍራ ወደ ጐን 6፥ ወደ ላይ 12 ቤት ያለው እንደ ጕድጓድ የቆመ አራት ማዕዘን ነው። ከላይ ሁለት ሁለት ሆነው ተጣብቀው የሚወርዱ ድቡልቡል ነገሮች አሉ፤ ዓይን አላቸው፥ ሲያርፉም ይርገበገባሉ። ፑዮ መባላቸውም ስለዚህ ነው፤ ቃሉ በጃፓኖች ቋንቋ ለስላሳና የሚርገበገብ ነገርን በድምፁ የሚያስመስል ነው፥ እኛ ዝልግልግ እንደምንለው ያለ። ቀለማቸው ቀይ፥ ሰማያዊ፥ ቢጫ፥ አረንጓዴና ሐምራዊ ነው። አንድ ቀለም ያላቸው አራት ወይም ከአራት የበለጡ ፑዮዎች ጐን ለጐን ወይም ላይና ታች ሆነው ሲነካኩ ይጠፋሉ፤ በሰያፍ መነካካት አይቈጠርም። እነዚያ ሲጠፉ በላያቸው የነበሩት ይወድቃሉ፤ የወደቁትም በደረሱበት ስፍራ ደግሞ አራት ሆነው ቢገናኙ እነርሱም በተራቸው ይጠፋሉ፥ ሌሎችንም ያወድቃሉ። ይህ እርስ በርስ መከታተል ሰንሰለት ይባላል። ሦስተኛው ዐምድ እስከ አፉ ከሞላ ተጫዋቹ ተሸነፈ።

ሕጉ ይኸው ነው፤ ሕፃን በአንድ ሰዓት ይማረዋል። እንዲህ ባለ ጥቂት ሕግ የተሠራ ነገር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰውን ይዞ የኖረበት ምክንያት ምንድር ነው?

ፊተኛው ምክንያት የቀለም ነገር ነው። ቅርፅን ከቅርፅ ለመግጠም ሰው ማሰብ አለበት፤ ይህን ባዞረው ከዚያ ይገባልን? እያለ ይለካል። ቀለምን ለመለየት ግን ሐሳብ አያስፈልግም፤ ቀዩ የቀዩ ወገን መሆኑን ዓይን ከልቡና ቀድሞ ያውቀዋል። ስፌት የምትሰፋ ሴት ቀዩን አለላ ከአረንጓዴው ለመለየት አትጨነቅም፤ ጭንቀቷ ሁሉ ስለሚወጣው ጥለት ነው። ፑዮ ፑዮም እንዲሁ የመለየቱን ሥራ ለዓይን ትቶ ልቡናን ለመገንባት ነጻ ያወጣዋል። ፍጥነቱን ለመሸከም የሚቻለውም ስለዚህ ነው፤ እያንዳንዱን ነገር ቆሞ መመርመር ቢያስፈልግ ኖሮ ሰው በዚያ ጥድፊያ ውስጥ ሊያስብ ባልቻለም ነበር። ቀይና አረንጓዴን አጥርቶ ለማይለይ ሰው ግን ይህ ቅለት የለም፤ በቀለም ላይ የቆመ ጨዋታ ሁሉ ይህ ጕድለት አለበት።

ይሁን እንጂ ቀለም መግቢያው በር ነው እንጂ ቤቱ አይደለም። ጨዋታውን ሲያዩት እንጂ ሲጫወቱት ያልኖሩ ሰዎች፥ ደስታው ቀለም ከቀለም ጋራ ሲገናኝና ሲፈነዳ በማየት ብቻ ይመስላቸዋል። እውነተኛው ነገር ከዚህ የተለየ ነው፤ እንዲያውም የዚህ ተቃራኒ ነው ለማለት እደፍራለሁ። የፑዮ ፑዮ ደስታ የሚገኘው አራቱን ከማጥፋት ሳይሆን፥ ማጥፋት ሲቻል ባለማጥፋት ነው።

ነገሩን በቍጥር ላስረዳ። በ1994 በወጣው በሁለተኛው ፑዮ ፑዮ ሕግ፥ አራት ፑዮ ለብቻው ያጠፋ ሰው 40 ነጥብ ያገኛል። እንዲህ አምስት ጊዜ ለየብቻ ቢያጠፋ 20 ፑዮ አጥፍቶ 200 ነጥብ አገኘ ማለት ነው። እነዚያኑ 20 ፑዮዎች አምስት እርከን ባለው በአንድ ሰንሰለት ቢያጠፋቸው ግን ሁለተኛው እርከን 320፥ ሦስተኛው 640፥ አራተኛው 1280፥ አምስተኛው 2560 ይሆንና ድምሩ 4840 ነጥብ ይደርሳል። በየ70 ነጥቡም አንድ እንቅፋት በባላጋራው ስፍራ ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ፊተኛው ሰው የላከው 2 እንቅፋት ነው፤ ኋለኛው 69 ይልካል፥ የባላጋራው ስፍራ ጠቅላላ ቤት ደግሞ 72 ነው። ሁለቱም ያጠፉት ያንኑ ያህል ሆኖ ሳለ የአንዱ ሥራ እንደ ጠብታ፥ የሌላው እንደ ጐርፍ ሆነ። ልዩነቱ መታገሥ ብቻ ነው።

ሰንሰለቱ እንዴት እንደሚሠራ ከሁሉ የቀለለውን፥ ደረጃ የሚባለውን አሠራር ወስደን እንይ። ሦስት ሰማያዊ በአንድ ዐምድ ላይ ቆመዋል፤ አራተኛው ሰማያዊ በጐናቸው ባለው ዐምድ በሦስት ቀዮች ራስ ላይ ተቀምጧልና አይነካቸውም። ቀዮቹ በሆነ ጊዜ ሲጠፉ ያ ሰማያዊ ወርዶ ከወገኖቹ እግር አጠገብ ያርፋል፤ አራት ሆኑ፥ ጠፉም። በሰማያዊዎቹ ራስ ላይ ደግሞ አንድ ቢጫ ተቀምጦ ነበር፤ እርሱም ወርዶ በሚቀጥለው ዐምድ ከሚጠብቁት ሦስት ቢጫዎች ጋራ ተገናኘ። እንግዲህ ገንቢው እያንዳንዱን ፑዮ ያኖረው አሁን ባለበት ስፍራ ስለሚጠቅም አይደለም፤ ከበታቹ ያለው በጠፋ ጊዜ ስለሚደርስበት ስፍራ ነው እንጂ። ከዳር ቆሞ የሚያይ ሰው በስፍራው ላይ ዝብርቅርቅ ያለ ክምር ብቻ ያያል። ሠሪው ግን በዚያ ክምር ውስጥ ገና ያልሆነውን ሥርዓት ያያል። የቅኔ ተማሪ ይህን በቶሎ የሚረዳው ይመስለኛል፤ በመጀመሪያው ቤት ያለ ስፍራው የገባ የሚመስለው ቃል፥ የመጨረሻው ቤት ሲነገር ወርቁ ተገልጦ ስፍራው ያ ብቻ እንደ ነበረ ያስታውቃልና።

ከዚያ በኋላ አንዱ መቀስቀሻ ፑዮ ይወርዳል። ሰንሰለቱ በሚፈታበት ጊዜ ከላይ ምንም አዲስ ነገር አይወርድም፤ ተጫዋቹም በእጁ የሚያደርገው ነገር የለም። እስካሁን እየተጣደፈ የነበረው ሰው እጁን አሳርፎ የሠራው ሥራ ትክክል መሆኑን ወይም መሳሳቱን ቁጭ ብሎ ያያል። አራተኛው እርከን ወረደ፥ አምስተኛውም ወረደ፤ ስድስተኛው ግን አንድ ቤት ያህል ስቶ ቆመ። ያን ጊዜ የሚሰማው ሐዘን ቀልድ አይደለም። እኔ በበኩሌ በዚህ ጨዋታ ካየሁት ሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ የዝምታ ጊዜ ነው፤ በጥድፊያ መካከል ለማየት ብቻ የተሰጠ ዕረፍት በሌሎች የቪዲዮ ጨዋታዎች እምብዛም አይገኝም።

ጥድፊያው ግን ለምን አስፈለገ? ያለ ጥድፊያ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ የሒሳብ ጥያቄ ሆኖ በቀረ ነበር፤ ሰው በወረቀት ላይ እየሣለ በሰላም ይፈታው ነበር። ፑዮ ፑዮ ግን ሁለት የማይስማሙ ነገሮችን በአንድ ቀንበር ጠምዷቸዋል፤ ቸኩል ይላል፥ ታገሥ ይላል። ክምሩ ከፍ ባለ ቍጥር ሰንሰለቱ ይረዝማል፤ ከፍ ባለ ቍጥርም ወደ ሦስተኛው ዐምድ አፍ ይቀርባል። ኀይል የሚከማችበት ስፍራ ሞት የሚመጣበት ስፍራ ነው። ጀማሪው ይህን ፈርቶ አራት ባገኘ ጊዜ ሁሉ ያጠፋል፥ ስፍራውም ንጹሕ ሆኖ ሳለ ይሸነፋል፤ ስስታሙ ደግሞ ሌላ አንድ እርከን ልጨምር ሲል ሳያፈነዳው ተቀብሮበት ይቀራል። በሁለቱ መካከል ያለችውን ጊዜ ማወቅ በሕግ የሚማሩት ነገር አይደለም።

ይህ ጥድፊያና ሐሳብ መጋጠሙ ለኛ አገር ሰው ጨርሶ እንግዳ አይደለም። በአገራችን መኳንንትና ሊቃውንት ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ፥ መጀመሪያው ክፍል ወረራ ይባል ነበር፤ በወረራ ጊዜ ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ እንደ ቻሉ በፍጥነት ጭፍራቸውን ያሰልፋሉ፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንዱ የሌላውን ከበላ በኋላ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥ በጻፈው ጽሑፍ ይህን ሥርዓት መዝግቦታል። በወረራ ጊዜ ዓይን በራስ ሰሌዳ ላይ ብቻ ቢተከል ባላጋራው የሚያሰልፈው አይታይም፤ በባላጋራው ላይ ብቻ ቢተከል ደግሞ የራስ ጭፍራ ይዘበራረቃል። በፑዮ ፑዮም ሁለቱ ስፍራዎች ጐን ለጐን ስለሚታዩ የጐበዝ ተጫዋች ዓይን እንዲሁ ሲመላለስ ይውላል።

ስለ ባላጋራ ከተነሣ አይቀር የጨዋታውን ፍትሕ መናገር ይገባል። ለሁለቱ ተጫዋቾች የሚወርደው የፑዮ ተራ አንድ ዓይነት ነው፤ ለአንዱ ቀይና ቢጫ ከመጣለት ለሌላውም በዚያው ተራ ቀይና ቢጫ ይመጣለታል። የሚመጣውም በጐን ቀድሞ ይታያል። ስለዚህ የተሸነፈ ሰው ዕድሌ ከፋ ብሎ ማሳበብ አይችልም፤ የተሰጠው ያው ነበረ፥ ያደረገበት ነገር ግን ሌላ ነው። የሚላከው እንቅፋት ደግሞ ቀለም የለውም፤ ቀለም ስለሌለውም ከማንም ጋራ፥ ከመሰሉ ጋራ እንኳ፥ አይገናኝም፤ የሚጠፋው በአጠገቡ ያሉ ቀለማሞች ሲጠፉ ብቻ ነው። (ሰባኪ የሆነ አንባቢ ከዚህ ምሳሌ ለማውጣት ይፈተን ይሆናል፤ እኔ ግን ልለፈው።) በመጀመሪያው ጨዋታ የተላከ እንቅፋት መመለሻ አልነበረውም፥ ስለዚህም ቀድሞ የጨረሰ ሁሉ ያሸንፍ ነበር። በ1994 የወጣው ሁለተኛው ግን የራስን ሰንሰለት በመፍታት የሚመጣውን መሻር እንዲቻል አደረገ። በዚህ አንድ ሕግ ምክንያት ጨዋታው ከሩጫ ወደ ክርክር ተለወጠ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው የሚመልስለት ነገር አገኘ። ብዙዎች አዋቂዎች ከተከታታዮቹ ሁሉ ሁለተኛውን የሚመርጡት ስለዚህ ነው፥ እኔም ከነርሱ ጋራ እስማማለሁ።

በዚህ ሁሉ ላይ የተቀባው ሥዕልና ታሪክ ግን ቀላል ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። አርሌ የምትባል አስማተኛ ልጅ ከልዩ ልዩ አስቂኝ ፍጡራን ጋራ ትጋጠማለች፤ ሰንሰለቱ በረዘመ ቍጥር ድምፅዋን ከፍ እያደረገች ባዮኤን እስከሚለው ጩኸት ድረስ የአስማት ስም ትጠራለች። ለጥቂት ጊዜ ያስቃል፥ ኋላ ግን ጆሮ ያሰለቻል። ደግነቱ የጨዋታው ኀይል በዚህ ላይ አለመቆሙ በማስረጃ የታወቀ ነው። በ1993 ሴጋ ለምዕራብ አገሮች ሲያወጣው የአርሌን ታሪክ ጨርሶ አንሥቶ የዶክተር ሮቦትኒክን መልክ አለበሰው፤ በ1995 ደግሞ በኒንቴንዶ መኪና ላይ የኪርቢን መልክ ለብሶ ወጣ። ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ተለወጠ፥ ጨዋታው ግን ያው ሆኖ ኖረ። ኮምፓይል በ1998 በዕዳ ተይዞ ሲቸገር መብቱ ወደ ሴጋ ሲያልፍም እንዲሁ ምንም አልጐደለበትም። ልብሱን ሲገፍፉት የሚቆም አካል አለው ማለት ነው፤ ስለ ብዙ ልብ ወለድ መጻሕፍት እንኳ እንዲህ ለማለት አይቻልም።

አሁን ወደ ሌላው፥ ዛሬ በየስልኩ ወደሚገኘው ወገን እንለፍ፤ በወላጅ ዓይን ሁለቱ አንድ መስለው ይታያሉና። በ2012 ኪንግ የተባለው ኩባንያ ያወጣው ካንዲ ክራሽ ሳጋ በቀለም የሚገናኙ ከረሜላዎች የተሞላ ነው። ተጫዋቹ ሁለት ጐረቤት ከረሜላዎችን ቦታ ያለዋውጣል፤ ሦስት አንድ ዓይነት በመስመር ሲገጥሙ ይጠፋሉ፥ በስፍራቸውም ከላይ አዳዲስ ይወርዳሉ። የወረዱት አዳዲሶች በአጋጣሚ ሲገጥሙ እነርሱም ይጠፋሉ፤ እንዲህ እያለ ተጫዋቹ ያላሰበው ነገር በስክሪኑ ሁሉ ላይ ይፈነዳል። ያን ጊዜ አንድ ወፍራም ድምፅ ያመሰግነዋል፤ ጣፋጭ ይለዋል፥ ፍንዳታውም ሲበዛ መለኮታዊ እስከ ማለት ይደርሳል። ካህናት አንባቢዎቻችን ይህን ቃል በከረሜላ ላይ ሲሰሙት ምን እንደሚሉ እነርሱ ያውቃሉ፤ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን የቃሉ ድፍረት ብቻ ሳይሆን ውሸቱ ነው። በፑዮ ፑዮ ሰንሰለት ውስጥ ከላይ የሚወርድ አዲስ ነገር የለምና የሆነው ሁሉ የሠሪው ነው፥ ስሕተቱም እንኳ የርሱ ነው። በካንዲ ክራሽ ግን ሰው ያላቀደው ነገር ይሆንለታል፥ ስላላደረገውም ነገር ይመሰገናል። አንዱ ሰውን ሠሪ ያደርገዋል፤ ሌላው ምስጋና ተቀባይ ያደርገዋል።

በዚህ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። በካንዲ ክራሽ የተሸነፈ ሰው ሕይወት ከሚባሉት አምስቱ አንዱን ያጣል፤ አምስቱም ካለቁ አንዱ እስኪመለስ 30 ደቂቃ ይጠብቃል፥ መጠበቅ ያልፈለገም ይከፍላል። ይህ የገበያ ጥበብ ነው። ትዕግሥት በፑዮ ፑዮ ውስጥ የጨዋታው ፍሬ ነበረ፤ እዚህ ግን ትዕግሥት ማጣት የሚሸጥበት ዕቃ ሆነ። ትርፉም ትንሽ አይደለም፤ በ2016 አክቲቪዥን ብሊዛርድ ኪንግን ጠቅልሎ ሲገዛው የከፈለው 5.9 ቢሊዮን ዶላር ነው። ሁለቱን ጨዋታዎች በአንድ ስም ጠርቶ በአንድ ተግሣጽ የሚያልፍ ወላጅ፥ ሊጠነቀቅበት የሚገባውን ነገር ሳያውቀው አለፈ።

ይህን ካልሁ በኋላ በፑዮ ፑዮ ላይ ራሱ የሚቀርበውን ከባድ ክስ ማንሣት አለብኝ። ክሱ ጊዜ ያጠፋል የሚለው አይደለም፤ ጊዜ የሚያጠፋ ነገር ብዙ ነው፥ ባዶ ወሬም ያጠፋል። ከባዱ ነገር ጨዋታው ሲተዉት የማይተው መሆኑ ነው። ለረጅም ሰዓት የተጫወተ ሰው ዓይኑን በጨፈነ ጊዜ ቀለማት ሲወርዱ ያያል። ስለ ቴትሪስ ይህ ነገር በምርመራ ታይቷል፤ በ2000 የሃርቫርዱ ሮበርት ስቲክጎልድና ባልንጀሮቹ ሳይንስ በተባለው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ፥ በሦስት ቀን ውስጥ ለ7 ሰዓት ካጫወቷቸው 27 ሰዎች መካከል ከግማሽ የሚበልጡት እንቅልፍ ሊወስዳቸው ሲል ቅርፆቹ ሲወርዱ እንዳዩ ተናገሩ። ከነርሱም መካከል የማስታወስ ኀይላቸው የተጐዳ፥ መጫወታቸውን እንኳ የማያስታውሱ በሽተኞች ነበሩ፤ ከነዚያም ቅርፆቹን ያዩ ተገኙ። ሰውየው ረስቶታል፥ ሥዕሉ ግን አልረሳውም።

ቀለም ከቅርፅ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ዓይን እንደሚገባ ከዚህ በላይ ተናግረናል፤ ያ ለጨዋታው ምስጋና የነበረው ነገር እዚህ ላይ ክስ ይሆንበታል። ሌሊት ለጸሎት የቆመ ሰው በዳዊቱ መካከል ቀይ ወደ ቀይ ሲወርድ ቢታየው፥ ጨዋታውን ያቆመው ከሁለት ሰዓት በፊት ነው ማለት መልስ አይሆነውም። በተማሪ ላይም እንዲሁ ነው፤ መጽሐፉን ገልጦ ሳለ ልቡናው ያልተፈታውን ሰንሰለት ይፈታል። ለዚህ ክስ ጨዋታውን የምወድደው እኔም ቢሆን ሙሉ መልስ የለኝም። የምችለው አንድ ልዩነት መጠቈም ብቻ ነው፤ ይኸውም ለብቻ በመጫወትና ከባልንጀራ ጋራ በመጫወት መካከል ያለው ነው። ለብቻው የሚጫወት ሰው ፍጥነቱ እየጨመረ እስኪሸነፍ ድረስ ይቀጥላል፤ ማሸነፍ የሚባል ነገር ስለሌለ ማቆሚያም የለውም፥ ሰዓቱም ሳያውቀው ያልፋል። ሥዕሉም በዓይኑ የሚቀርበት በብዛት እንዲህ ሲሆን ነው ብዬ አምናለሁ።

በጃፓን አገር ይህን ልዩነት ወደ ሌላ ወገን አርቀው ወስደውታል። በ2018 የአገሩ የኤሌክትሮኒክ ስፖርት ማኅበር ፑዮ ፑዮን የባለሙያነት ፈቃድ ከሚሰጥባቸው ጨዋታዎች ጋራ ቈጠረው፤ በ2019ም በኢባራኪ ከተደረገው ብሔራዊ የስፖርት በዓል ጋራ በተያያዘው ውድድር ከየአውራጃው የመጡ ተጫዋቾች ተጋጥመውበታል። ጨዋታ እንጀራ ሲሆን ጨዋታነቱ ይቀንሳል ባይ ነኝ፤ ነገር ግን የነዚያን ሰዎች ግጥሚያ ያየ ሰው፥ ከላይ ስለ ትዕግሥት የተናገርሁት ተረት አለመሆኑን ያያል። ክምሩ እስከ አፍ ደርሶ፥ አንዱ የሌላውን ስፍራ እየሰለለ፥ ማን ቀድሞ ይፈታዋል እየተባለ ሁለቱም ሲታገሡ ጥቂት ሰከንድ እንደ ሰዓት ትረዝማለች።

በቤት ግን እንዲህ ያለ ሥርዓት አያስፈልግም። ሁለት ልጆች በአንድ ስክሪን ፊት ጐን ለጐን ሲቀመጡ አንድ ግጥሚያ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የተሰጣቸው አንድ ዓይነት ስለ ሆነ ጠብ እምብዛም አይነሣም። የተሸነፈውም ያሸነፈው ሰንሰለት እርከን በእርከን ሲፈታ በጐኑ ባለው ስፍራ ላይ አይቶታልና፥ ያቺን ቢጫ እዚያ ያኖርሃት ለምን ነበር? ብሎ ይጠይቃል፤ ባልንጀራውም በጣቱ እያመለከተ ያሳየዋል።